የመጀመሪያውን ሌሊት ያደሩበት ቤት

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አንገረብ የምንለውን የጠፍር አልጋ ሲያርሰው፣ የእርጥብ ቆዳው ሽታ ዛሬም ወደዚያ የልቅሶ ድንኳን ይመልሰኛል።

በደርግ ዘመን መተማ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ አንድ ታሪክ መዝጋቢ ነበሯት፤ ሽማግሌዎች የመረጧቸው ጡረተኛ መምህር። ሹመቱ ያስገኘላቸው ክብር በየልቅሶው ከፊት መቀመጥ ብቻ ነበር። በሠልስቱ ቤተ ዘመዱን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «ሟቹ መተማ የገባ ዕለት ማን ቤት አደረ?» ሁሉም ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከድንበር ማዶ በመጣባት ከተማ፣ ለእሳቸው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነበር። መልሱ ተጽፎ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሕዝቡ «ይጽና» ካለ ይጸናል። ዓይናቸው ሲደክም ንባቡ ለእኔ፣ ለጎረቤታቸው ተማሪ፣ ደረሰኝ።

በአንዲት ጠላ ሻጭ ሠልስት፣ «በሱዳናዊው ነጋዴ ቤት አደረች» ብዬ አነበብሁ። ነጋዴው ሱቁ ተወርሶ ወደ አገሩ ከተሻገረ ቆይቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሡ።

«የበዝባዥ ቤት በከተማችን ታሪክ አይገባም። ይሰረዝ፤ አለዚያ ሌላ ሰው እንሾማለን።»

መዝጋቢው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ሹመቱን መውሰድ ትችላላችሁ። ያደረችበትን ሌሊት ግን የሚወስድባት የለም» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ድገሚው፣ ልጄ።»

ደገምሁት። «ይጽና» የሚል ግን ጠፋ።

ከሴቶቹ በኩል የሊቀመንበሩ እናት ድምፅ ተሰማ። «አንተስ የት ያደርህ መስሎህ ነው? አዝዬህ የገባሁ ለት እዚያው ቤት አይደል አንገረቡን ያረጠብኸው?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እናቲቱም ራሳቸው «ይጽና» አሉ፤ ድንኳኑ ተቀበላቸው። ሊቀመንበሩ ቆባቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ታሪክ መዝጋቢው ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው። ለሠልስታቸው ደረስሁ፤ ጥያቄውን የምጠይቀውም እኔ ሆንሁ።

«መተማ የገቡ ዕለት ማን ቤት አደሩ?»

የሊቀመንበሩ እናት እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስመጣ እሳቸው እዚሁ ነበሩ።» የሁሉን የመጀመሪያ ሌሊት ሲጠይቁ ኖረው፣ የእሳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

«በሁላችንም ቤት ብለሽ ጻፊ» አለ አንዱ። አልጻፍሁም፤ ያልታወቀን አለመጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የት እንዳደሩ አይታወቅም» ብዬ አነበብሁ።

ሕዝቡ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይጽና» አለ።