ከሦስት ልጆች ጋር ሐዋሳ ላይ ቤት ፍለጋ

ዓርብ ጠዋት፣ ከአዳማ

መናኸሪያ ስንደርስ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። የሐዋሳው ሚኒባስ ረዳት "ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። አማቴ አቶ ወልዴ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡና የመስኮቱን ወንበር ያዙ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የምንሄደው የኪራይ ቤት ልንፈልግ ነው። አዳማ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጥሮኛል። ደመወዙ ከነበረኝ በጣም ይሻላል። ሥራ የምጀምረው ደግሞ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እስከ እሁድ ቤት ካልተገኘ ብቻዬን ሄጄ ከሠራተኞች ጋር እዳበላለሁ፣ ልጆቼን በወር አንዴ አያለሁ ማለት ነው። ትንሿ ኤልዳና ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

ባለቤቴ ሰለሞን አናጢ ነው፤ የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም። ለዚህ ጉዞ ግን ልጆቹን ይዞ መቅረት ነበረበት። አባቱ ናቸው "እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ" ያሉት።

"አባባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ይደክምዎታል" ብላቸው፣

"የምኖርበት ቤት አይደል? ሬሳዬም የሚወጣው በዚያው በር ነው። ሳላየው አልገባም" አሉኝ።

"ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይበሉ!" አልኩ፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

መንገዱ ደህና ነበር። መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ባቱ ላይ ሻይ በብስኩት ጠጣን። ከላንጋኖ በኋላ አባባ አንቀላፉና ሻሸመኔ የባጃጁና የጋሪው ግፊያ መሃል ስንገባ ነቁ። "ደረስን?" አሉኝ። "ትንሽ ቀረን" አልኳቸው። ጥቁር ውኃን እንዳለፍን የፋብሪካዎቹ ረጃጅም ጣሪያዎች ታዩ። የጠዋቱ ፈረቃ ተለቆ ኖሮ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጃገረዶች አስፋልቱን ሞልተውታል። አባባ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው፣ "ይህ ሁሉ ሰው የት ነው የሚያድረው?" አሉ። እኔም የማስበው እሱን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከደላላው ጋር

ፒያሳ ዓሣ ጥብስ በልተን፣ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን የሰጠችኝን ደላላ ታደሰን አገኘነው። ፈጣን፣ ተጫዋች ሰው ነው። ባጃጅ ይዞ መጀመሪያ የወሰደን ወደ ፓርኩ አቅራቢያ ነበር። ሦስት ግቢ አየን፤ ሦስቱም ጋ መልሱ አንድ ነው፦ "ለቤተሰብ አናከራይም።"

"ለምን?" አልኩት ታደሰን።

"እህቴ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች ሆነው ይከራያሉ፤ እያንዳንዷ ትከፍላለች። ቀን ሥራ ላይ ናቸው። ቤተሰብ ግን ውኃ ይፈጃል፣ ልጅ ግድግዳ ይሞነጫጭራል፣ ያለቅሳል። አሁን የምወስድሽ ቤት አዲስ ከተማ ነው፤ ጥሩ ቤት ነው። ስንት ልጅ አለሽ ሲሉሽ 'አንድ' በይ። ሌሎቹን ከገባሽ በኋላ ቀስ እያልሽ ታመጫቸዋለሽ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

አባባ ይህን ሰምተው ወደ መንገዱ ዞሩ።

የአዲስ ከተማው ቤት በእርግጥ ጥሩ ነበር። ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች፣ ሴራሚክ ወለል፣ የራሱ ኩሽናና ቆጣሪ፣ በር ላይ የማንጎ ዛፍ፤ ኪራዩ በወር ዘጠኝ ሺህ። አከራዩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ንጹሕ ሰው።

"ልጆች አላችሁ?" አሉኝ።

"አንድ" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ በጣም ቀላል ነበር። ሰውየው "ጥሩ" አሉ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውል እንድንዋዋል ተቀጣጠርን። ታደሰ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ፔንሲዮን ይዘን፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ራት ቀረበልን። ሽሮው እየፈላ መጣ። አባባ አንድ ሁለቴ ጎረሱና አቆሙ።

"ትግስት" አሉኝ፣ "አንድ ስትዪ የትኞቹን አስቀረሽ?"

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት በዓይነ ኅሊናዬ የመጣችው ትልቋ ማርታ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዝምተኛ ናት፣ አታስቸግርም። ለአከራዩ የምትመች እሷ ናት ማለት ነው። ሁለተኛው ናሆም ግን ያገኘው ግድግዳ ላይ ሁሉ መኪና ይስላል። ኤልዳና ታለቅሳለች። እነሱን ነው ያስቀረሁት። እጄን ከትሪው ላይ አነሳሁ።

"ቁጣ አይደለም" አሉ አባባ። "ግን አስቢው። እዚያ ቤት ገብተን ልጆቹን ዝም በሉ፣ አትታዩ ስንል ልንኖር ነው።"

"ቤቱን ካጣነውስ?"

"እናጣዋለን።"

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ከተማ ነበርን። መምህሩ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅተው ጠበቁን። ቆሜ ነው የተናገርኩት። "ጋሼ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ልጆቼ ሦስት ናቸው።"

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ግን የደም ግፊት አለብኝ፣ ሦስት ለእኔ ይበዛል" አሉ። እስከ በር ድረስ ሸኙን። ታደሰ ግን ውጭ ስንወጣ፣ "እኔ እንዲህ ካለ ሰው ጋር መሥራት አልችልም!" ብሎ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። መንገድ ላይ ቆምን። ፀሐዩ እየበረታ ነው፣ የማውቀው ሰው የለም፣ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ። ማልቀስ ቃጣኝ።

አባባ "በእግራችን እንሞክር" አሉ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ገባን፤ ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ብሎኬትና አሸዋ በየደጁ የተከመረበት ሰፈር ነው። በየሱቁ እየጠየቅን አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። በመጨረሻ የአባባ ጉልበት እንቢ አለና አንድ ግቢ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ጠይም፣ ደርባባ ሴት ብቅ አሉ። "እንዴት ትልቅ ሰው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል? ዳኤ ቡሹ፣ ግቡ፣ ግቡ!" አሉን። ዳኤ ቡሹ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት እንደሆነ ኋላ ነው የነገሩኝ። ወይዘሮ አማረች ይባላሉ። ወንበርና ውኃ አመጡልን።

ምን እንደምንፈልግ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ኪራይ እንኳን ሳላነሣ፣ "ሦስት ልጆች አሉኝ" አልኩ። "ማርታ፣ ናሆም፣ ኤልዳና። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ይስላል። ትንሿ ታለቅሳለች። ከአማቴና ከባለቤቴ ጋር ስድስት ነን።"

ወይዘሮ አማረች ሳቁ። "እኔም ልንገርሽ እንግዲህ። ጓሮ ሦስት ክፍል ቤት አለ። ግን አንዱ ክፍል በር የለውም፤ ኮርኒስም የለውም፤ ልጄ ጀምሮት ዲላ ለሥራ ሄደ። ሌላ ደግሞ አለ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ግቢ ይለማመዳሉ። ከበሮ አለ፣ ኪቦርድ አለ። በፊት የነበሩት የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ከሌሊት ፈረቃ መጥተው ቀን መተኛት አቃታቸው፤ ወጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሲገቡ አልነገርኳቸውም። አሁን ለመጣ ሁሉ እናገራለሁ፤ ሰምቶ የሚመለስ የለም።"

"እኛ ቤት ዝም ያለበት ቀን የለም" አሉ አባባ።

"እንግዲያው እናንተም ትጮኻላችሁ፣ እኛም እንጮኻለን" አሉ ወይዘሮ አማረች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ቤቱን አየነው። እንደ አዲስ ከተማው አያምርም፤ ወለሉ ሊሾ ነው፣ በር የሌለው ክፍል ውስጥ ዶሮ ገብታለች። ግን ብርሃን አለው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ትምህርት ቤት በእግር አሥር ደቂቃ። ለሰለሞን ደወልኩና ስልኩን ለወይዘሮ አማረች ሰጠኋቸው። በሩንና ኮርኒሱን እሱ ሊሠራ፣ እሳቸው ከኪራዩ ላይ ሊቀንሱለት ተስማሙ። አባባ በበኩላቸው በር የሌለውን ክፍል ከዘራቸውን ይዘው ዞሩና፣ "ይሄኛው የእኔ ነው" አሉ።

እሁድ፣ መልስ

ጠዋት ወይዘሮ አማረች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ምስክር ሆኑልንና ውሉን ፈረምን። መኪናችን እስኪሞላ ሰዓት ስለነበረን አባባን በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወሰድኳቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ያጠመዱትን ይመዝናሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ሽማግሌ ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። አባባ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ቆይቷል።

አዳማ የገባነው አመሻሹ ላይ ነው። ለሰለሞን ሁሉንም ነገርኩት፤ ያቺን "አንድ" ጨምሮ። "እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምለው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። የምፈልገው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ መስሎኝ ነበር የወጣሁት፤ ለካ ልጆቼን እንዳሉ የሚቀበል ሰው ነበር የምፈልገው። እሱን ሰው ለማግኘት ደግሞ አስቀድሜ እኔ ራሴ ስለ ልጆቼ ሳላፍር መናገር ነበረብኝ።

አባባ የካርቶን ክዳን ላይ የቤቱን ፕላን ለልጆቹ ሣሉላቸው። ናሆም የትኛው ግድግዳ የሱ እንደሆነ ጠየቀ። ኤልዳና ሐዋሳ ዶሮ መኖሩን ስትሰማ ጮኸች። ማርታ ግን ካርቶኑን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

"እማዬ፣ ሴትየዋ ሁላችንም እንደምንመጣ ታውቃለች?"

"ያውቃሉ" አልኳት። "በየስማችሁ ነግሬያቸዋለሁ።"

"የኔንም?"

"ያንቺን ነው መጀመሪያ የጠራሁት።"

ማርታ ራሷን ነቀነቀች፤ ተነሥታም መጽሐፎቿን በፌስታል መክተት ጀመረች።