የአባባ ጓጉንቸር

አባባ ዕድሜያቸውን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ካዛንቺስ ቢጨርሱም የሰፈሩ አነጋገር አልተጋባባቸውም። መኝታ ቤቱን «እልፍኝ»፣ ከሰዓት በኋላውን «ተሲያት»፣ የበሩን ቁልፍ ደግሞ «ጓጉንቸር» ይሉ ነበር። ጓደኞቼ ፊት ሲናገሩ አፍር ነበር፤ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ድምፃቸውን አስመስዬ እማዬን አስቃታለሁ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ሊሉ ሲገቡ «ልጄ፣ ጓጉንቸሩን ቆልፊ፤ እኔ እልፍኝ ነኝ» ይሉኛል።

ካረፉ በመንፈቃቸው ቤታችን ሊፈርስ ሆነ። የመጨረሻው ዕቃ ተጭኖ ሲሄድ እኔና እማዬ ብቻ ቀረን። ጎረቤቶቻችን ቀድመውን ስለወጡ ሰፈሩ በጠራራ ፀሐይ ጭር ብሏል። በሩን ዘግቼ ጓጉንቸሩን ሳነሳ፣ «ቆልፊ፤ እኔ እልፍኝ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እማዬ ተቆጣች። «ምነው ልጄ፣ ዛሬም በአባትሽ ትቀልጃለሽ?»

«እኔ አፌንም አልከፈትኩ፣ እማዬ።»

ተያየን። ተመልሼ ገብቼ መኝታ ቤቱን አየሁ። የአልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ ካስቀረው ጥቁረት በቀር ምንም የለም። ስወጣ እማዬ ጓጉንቸሩን ከእጄ ወሰደችና በቀስታ፣ «አትቆልፊው፤ በምን በኩል ይወጣሉ?» አለችኝ። በሩን ከፍተን ሄድን።

አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰዓት በኋላውን ተሲያት የሚል ሰው የለም። እማዬ ግን እሑድ ምሳ ከበላን በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ብርድ ቢገባም አልዘጋውም።