የጎረቤቴ ውሻ ሰንሰለት

ባሌ ከሞተ ወዲህ ለድንበር ቅርብ በሆነች ከተማ፣ አቲቆት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ምድር ቤት ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጆቼ ርቀው ስለሚሠሩ ዓርብ ዓርብ ይደውሉልኛል። ከጎን ያለው ጎረቤቴ እንደኛው ከጎንደር የመጣ ሰው ልጅ ነው። ግቢው ውስጥ ውሻ አለው፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ፣ ሌት ተቀን በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚኖረው። አገር ቤት እኛም ውሻ እናስር ነበር፤ ሲመሽ ግን ይፈታል። ቅር ቢለኝም በሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቴ ሥራ ላይ እያለ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ጮኸ። በግቢው አጠገብ አልፌ ወደ ሰፈሩ መጠለያ ሮጥኩ። በሩ ሲዘጋ የውሻውን ለቅሶ ሰማሁ። ፍንዳታው አብቅቶ ስወጣ፣ ሊያመልጥ ሲታገል ሰንሰለቱ አንገቱን ልጦት ደምቶ አገኘሁት። ፈታሁት። ተከትሎኝ ቤቴ ገባና አልጋ ሥር ተደበቀ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ውሻውን ፍለጋ ቤቴ መጣ።

"ማን ፈታው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምዶታል እኮ፣ እማማ።"

"አልለመደም፣ ልጄ። የሚሰማው ሲያጣ ነው ዝም ያለው። እኔም ሰምቼው ዝም ብዬ ነበር።"

ጎንበስ ብሎ ውሻውን ከአልጋው ሥር አወጣና አንገቱን አየ። ከዚያ ወዲህ አላሰረውም፤ ቤቱ ውስጥ ነው የሚያሳድረው።

የዚያን ዕለት አቅፎት ሲወጣ፣ "ለዛሬ እንኳ እኔ ጋ ይደር" ልለው አስቤ ነበር። አፍሬ ተውኩት።