የሻረው ክላክስ ዝም ያለ ለት

በ1974 ዓ.ም. መስከረም የደባርቅ ሰው ለአብዮት በዓል አጥሩን ሲያድስ፣ ሾፌሩ ሻረው አሮጌ የጭነት መኪናውን ቀለም ቀባ። አቀባቡ ግን የዋዛ አልነበረም። ኮፈኑን ከፍቶ ብሩሽ የገባበትን ሁሉ አረንጓዴ አደረገው። አርባ ዓመት ሞልቶት ሚስት ያላገባው ከመኪናው ጋር ስለተጋባ ነው እያሉ ያሙት ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ እህል ጭኖ ከዳባት ሲመለስ፣ ደባርቅ መግቢያ ላይ የገበያ በጎች መንገዱን ሞሉት። ክላክሱን ተጫነ። ዝም። ደጋግሞ ደበደበው፤ ወይ ፍንክች! ሲጨንቀው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጲጵ! ጲጵ!» እያለ ራሱ ጮኸ። በጎቹ ቀና ብለው አዩትና እዚያው ቆሙ። ጭነቱ ላይ የተቀመጡት መንገደኞች በሳቅ ፈረሱ።

እንደ ምንም አልፎ ስልክ ቤቱ ፊት ለፊት አቆመና ምርመራ ጀመረ። ፊውዙን አውጥቶ አየው፤ አልተቃጠለም። መብራቱን አበራ፤ ባትሪው ደህና ነው። መሪው ላይ ያለውን የክላክስ መጫኛ ቁልፍ ፈታትቶ አጸዳ። በመጨረሻም ከባትሪው ሽቦ ስቦ ክላክሱን በቀጥታ ነካው። አሁንም ዝም።

«በቃ ሞቷል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጎንደር ወርዶ ሌላ መፈለግ ነው።»

የስልክ ቤቱ ሠራተኛ የዓለምወርቅ በረንዳው ላይ ቆማ ታየው ነበር። ባሏን ፈትታ ከደብረ ታቦር ተዛውራ ከመጣች ዓመቷ ነው።

«አቶ ሻረው፣ ክላክስዎ ዝም ቢል ዛሬ ገና ከጎንደር በስልክ የሚሉኝን በደንብ ሰማሁ!»

«ይሳቁብኝ እንጂ፣ ምን አለብዎት።»

ወርዳ ኮፈኑ ስር ጎንበስ አለች። ክላክሱ ከነማሰሪያ ብሎኑ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይህንንም ቀብተውታል?»

«እንዴታ! ፈትቼ ሁለት ጊዜ ነው እንጂ» አለ ኮራ ብሎ።

«እኛ ዘንድ ስልክ ዝም ሲል የመሬቱን ሽቦ እናያለን። ኤሌክትሪክ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። እርስዎ መመለሻውን በቀለም ደፍነውበታል።»

ብሎኑን በጥቂቱ ፋቀችና የሌላ ሽቦ አንዱን ጫፍ አስነካችው፤ ሌላውን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ከመመለሻው ጋር አገናኘችው። ሻረውም የራሱን ሽቦ መልሶ ሲያስነካው ክላክሱ አካባቢውን አናጋው። ደንግጦ ቀና ሲል ኮፈኑ አናቱን አገኘው።

የቀረው ክላክሱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገጥምበትን ቦታ መፋቅ ነበር። ሻረው ቢላዋ አወጣ እንጂ ቀለሙን ለመፋቅ አልጨከነም።

«ከስር በኩል ብቻ... ትንሽ...» እያለ ቀለሙን ይዳብስ ጀመር።

የዓለምወርቅ ቢላዋውን ተቀብላ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀችው። ብሎኑ ሲጠብቅ ክላክሱ ከመሪው ላይ ሲጫኑት ጮኸ። ሻረው እንደ ሕፃን ደስ ብሎት እጁን ከመጫኛው ላይ ማንሣት አቃተው።

«ይብቃ! ስልክ አለብኝ!» ብላ ወደ ቢሮዋ ዞረች።

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?» አለ ተከትሏት።

«ዳባት እህት አለችኝ። ነገ እሑድ ከወረዱ ያድርሱኝ።»

በማግስቱ ጭነት አልነበረውም፤ ቢሆንም «ልወርድ ነበር» አላት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት አስቀመጣትና ነዳ። የአንድ ሰዓቱ መንገድ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።