«ጦም ያደረ» የተባለው የሣር ማሳ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነው። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የወጡ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው በዘንባባዎቹ ሥር ይጣደፋሉ። ሾፌራችን ጋሽ መኮንን ላንድሮቨሩን ለማስነሳት ሦስቴ ሞክሮ በአራተኛው እሺ አለው።

የመኖ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ገበሬውን የከብት ሣር ማስተከል ነው። ዛሬ የምሄደው ግን ያበላሸሁትን ላቃና ነው። አምና ሐሙሲት ሳይደረስ ጣና ዳር የሚኖሩ ውብነህ የሚባሉ ገበሬን፣ ከጤፍ ማሳቸው አንዱን የዝሆን ሣር እንዲተክሉበት ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ሣሩን እያጨዱ ሁለት ላሞቻቸውን ደጅ አስረው ይቀልቡ ጀመር፤ በበጋ ወተት የሚያልብ፣ ቅቤም ገበያ የሚያወጣ በአገሩ እሳቸው ብቻ ሆኑ። ደስ ብሎኝ ሪፖርት ጻፍኩ፦ «መሬታቸውን ከእህል ጦም አሳድረው ሣር አለሙበት።» አማርኛዬ ያማረልኝ መስሎኝ ነበር። ሪፖርቱ ተባዝቶ ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ። ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ተነጥቆ መሬት ላጣ ይሰጣል። ስብሰባው ዛሬ በአራት ሰዓት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ የዓባይ ድልድይ ኬላ

ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን አየ፤ ገልብጦ ደግሞ አየ። ላስረዳው አፌን ስከፍት ጋሽ መኮንን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እዚህ ቦታ ብዙ የሚያስረዳ ሰው ይጠረጠራል። ወረቀቱ ለአለቃ ታይቶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምን። ከታች ዓባይ ይወርዳል፤ እኔ የማየው ሰዓቴን ነው።

3 ሰዓት፣ ዘንዘልማን አልፎ

መንገዱ አቧራ ነው። በግራ በኩል የሐይቁ ዳር ሣር እስከ ሥሩ ተግጦ አፈር ሆኗል። ከብቶቹ አጥንታቸው እየተቆጠረ ጭቃ ውስጥ ገብተው ደንገል ያኝካሉ፤ ከውሃው የገባ አልቅት ከአፍንጫቸው ደም ያንጠባጥባል። ለአንድ ማሳ ሣር ይህን ያህል የምንገላታው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

4 ሰዓት ከሩብ፣ ከዋርካው ሥር

ስብሰባው ተጀምሯል። ፊት ለፊት አራት አዲስ ሙሽሮች ተቀምጠዋል፤ መሬት የላቸውም፣ እነሱም እውነት አላቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የእኔን ሪፖርት ይዟል። ውብነህ ቆመዋል።

«አርሼ ነው የተከልሁት» አሉ። «በየሳምንቱ አጭደዋለሁ። የሚታጨድ መሬት እንዴት ጦም አደረ ይባላል?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱ ማኅተም እንዳለው ተናገረ። ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ቃሉ ለማሳመር የገባ መሆኑን አስረዳሁ። ሊቀመንበሩ ነጭ ወረቀት ገፋልኝ።

«እንግዲያው ጓድ፣ ሐሰት ጽፌያለሁ ብለው ይፈርሙልን። መሬቱን እንተውለታለን።»

ሐሰተኛ ሪፖርት የጻፈ ሰው ያን ጊዜ ስሙ አሻጥረኛ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን በዚያ ስም የተወሰደ ባልደረባ ነበረን፤ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። «ሐሰት» በማለት ፈንታ «ስህተት» ልበል ብዬ ለመንኩ። ውብነህ አዩኝና ወደ ሣራቸው ዞሩ።

ሊቀመንበሩ ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከ። «ስህተት ከሆነ፣ ግማሹ ለሱ ይቅር፣ ግማሹ ለሙሽሮቹ ይሁን» አለ።

«ስህተት» ብዬ ፈረምኩ።

8 ሰዓት፣ መልስ

ከሙሽሮቹ ሁለቱ ገመድ ይዘው ማሳውን መሃል ለመሃል ለኩ። ግማሽ ማሳ ሁለት ላም አይቀልብም፤ አንዷ ለሐሙስ ገበያ ትወጣለች። ውብነህ ይህን የነገሩኝ ሳይቆጡ ነው፤ ቢቆጡ በቀለለኝ። እንግዳ ጦሙን አይሄድም ብለው እርጎ አቀረቡልን። ጋሽ መኮንን ጠጣ፤ እኔ ዋንጫዬን ሳልነካ አስቀመጥኩ።

እስከ መኪናው ሸኙን። በሩን ይዘው ትንሽ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ስለኔ አይጣፉ» አሉኝ። «በክፉም፣ በደጉም።»

ቃል ገባሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ይህን ስጽፍ ቃሌን አጠፍኩ። ውብነህ ያልኳቸው ግን ስማቸው ውብነህ አይደለም።