በሃምሳው ቀን የወሰድኩት ቀኖና

አዲስ አበባ ላይ የቀደደኝ ሐኪም ወረቀቱን ከማስፈረሙ በፊት ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ካንሰሩ ከነፕሮስቴቱ ይወጣል፤ ነገር ግን ነርቮቹ አብረው ሊነኩ ይችላሉ፤ ሽንት ለወራት ላይቆምልዎ ይችላል፤ ከባለቤትዎም ጋር እንደ ድሮው ላይሆኑ ይችላሉ አለኝ። «እንደ ድሮው» ሲል አፍሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪም ሲያፍር አልወድም። «ነፍሴን አትርፍልኝ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ሚስቴ ጅቡቲ ነበረች። የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ ላስታምምህ ልምጣ ስትል፣ ወንድሜ ቤት ነኝ፣ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ከልክያታለሁ። ካንሰሩን ታውቃለች። ሐኪሙ እያፈረ ያለኝን ግን አታውቅም። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም አልኩ። ቤቴ ስመለስ ደግሞ ፊት ለፊትም የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነኝ፤ ለአገር ቤት የሚሄደውን ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቄ ከባድ መኪና ላይ አስጭናለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያልጮኸ ሰው ዕቃው እዚያው ፀሐይ ላይ ይቀራል። በአማርኛ እጮሃለሁ፣ በሶማሊኛ እጮሃለሁ፣ በፈረንሳይኛ ደግሞ እየጮህኩ እለማመጣለሁ። አባቴ በባቡር ሠራተኝነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እኔም ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ይህ መጣብኝ።

የተመለስኩት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። በጾም ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ። በእኛ ቤት ይህን ሥርዓት የምታከብረው እሷ ነበረች፤ እኔ በየዓመቱ የምነጫነጭ ነኝ። የዚያን ዓመት ግን ራሴ ፍራሽ ተሸክሜ ሳሎን አነጠፍኩ። «እንዴ! አንተ ነህ?» ብላ ሳቀች። «ሕመም ያስተምራል» አልኳት። ደስ አላት። ባሌ ሰው ሆነ ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሁሉ አወራች። እኔም ሃምሳ አምስት ቀን አገኘሁ።

ሽንቱ አልቆመም። ሳስነጥስ ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል፣ ከሚኒባስ ስወርድ ያመልጠኛል። የሕፃን ዳይፐር እየቀደድኩ ከውስጥ ሱሪዬ ሥር አደርግ ነበር። ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ እንዳልገዛ ባለ ሱቁ ሁሉ ያውቀኛል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ከከተማው ዳር ባልባላ ድረስ እሄዳለሁ። እዚያ ያለችው ባለ ሱቅ በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ በራ። «መብሩክ! ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ። «ወንድ» አልኳት። አላህ ያሳድግልህ አለችኝ፣ አሜን ብዬ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለሾፌሮች ተርኬ በሳቅ እገድላቸው ነበር።

ምን ተሰማህ ቢሉኝ፣ ምንም። ሐዘን ቢሆን አለቅስ ነበር፤ ንዴት ቢሆን እሳደብ ነበር፣ መሳደቡንስ እችልበታለሁ። ገላዬን ስታጠብ የሌላ ሰው ገላ የማጥብ ይመስለኛል። ምሳ ሲቀርብ እበላለሁ፣ ሲነሳ እነሳለሁ። አንድ ቀን ጎታች መኪና ዕቃዬን ደፍቶ ሰባበረው፤ ቆሜ አየሁት። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ድምፅዎንም ቆርጠው አስቀሩት እንዴ?» አለኝ አንዱ ሾፌር። እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅኩ ፈገግ አልኩለት።

ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ስግደት የለ። ሰው ሁሉ የሚደሰትበት ወቅት ነው፤ እኔ ግን መደበቂያ አጣሁ። ሚስቴ ፍራሹን ራሷ ጠቅልላ አነሳች። አዲስ ቀሚስ ሰፋች፣ ሽቶ ተቀባች፣ ወይ ጉድ፣ እንደ ሙሽራ ሆነች። መጀመሪያ ቁስሌን አመካኘሁ። ቀጥሎ ሙቀቱን አመካኝቼ በረንዳ ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቁስሉ ድኗል። ሐኪሙም ድኗል ብሎሃል። ጠላኸኝ እንዴ? ንገረኝ።»

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። «የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል፤ አልጋ ለይ ተብያለሁ» አልኩ።

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ደም አጣ። «በሃምሳው ቀን?» አለች። «መስገድ እንኳ በማይፈቀድበት ጊዜ ቀኖና? ምን ብትሠራ ነው?» «ከማን ጋር?» አለች። አላስተባበልኩም። ካህኑን ሄዳ እንዳትጠይቅ ንስሐ ምስጢር ነው፤ ያንን አውቃለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ፣ እሱም ደስታ ነው። ሚስቴ በዚህ ዕድሜዬ ሴት ይዟል ብላ አሰበች። ወንድ ነው ብላ አሰበች ማለት ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ እንደ ድሮዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ወደ ቤት ገባች። ደም ግፊቷን ያዩላት መሰለኝ፣ አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ዝም አለች። የደንበኞቿን ጨርቅ አንድ በአንድ ጨርሳ አስረከበች፣ አዲስ አልተቀበለችም። ድሬዳዋ ላገባችው ትልቋ ልጃችን ደውላ ረጅም ሰዓት አወራቻት፣ አገር ቤት የሚማሩትን ታናናሾቿን አደራ አለቻት፣ የወርቅ ሀብሏን የት እንዳስቀመጠች ስትነግራት ሰማሁ። ቁምሳጥኑን አራግፋ አጠፈች። ተናዳለች፣ ይበርድላታል አልኩ። አየኋት፣ ግን አላየኋትም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጋደም በሚልበት የቀትር ሰዓት፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ነጻ ነኝ» አለች። «የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። አንተም ሂድና ተመርመር። ሴትየዋንም ላካት።»

ወረቀቱን አነበብኩ። በዚያ መድኃኒት በሌለበት ዘመን ከዚህ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ስንቱን እንደቀበርን ሁለታችንም እናውቃለን። ስምንት ቀን ሙሉ ሚስቴ ተራዋን ስትጠብቅ ኖራለች፤ እኔ በዚያ ስምንት ቀን ወንድ መስዬ ወደብ ላይ ስጮህ ነበር።

«ሴት የለችም» አልኳት።

«አትዋሽ!»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ የለችም። ቀኖናም የለም። ሰውነቴ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ ጀምሮ አይሠራም። ሽንቴንም አልቆጣጠርም። ዳይፐር አድርጌ ነው የምውለው፤ አሁንም አድርጌያለሁ።»

የጨበጠችውን ነጠላ ፊቴ ላይ ወረወረችው፤ ደረቴን በሁለት እጇ መታችኝ። «ይኼ ነው? ለዚህ ነው? አንተ ጨካኝ! ልጆቼን ማን ያስተምርልኛል ብዬ ሳስብ እኮ ነው የሰነበትኩት! ለዚህ?» አልተከላከልኩም። መምታቷ አላመመኝም፣ እንዲያመኝ ግን ፈልጌ ነበር። ስትደክም ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በሦስተኛው ቀን ይቅር ብዬህ ነበር» አለች። «አንተንም እሷንም። ቂም ይዤ መሞት ፈርቼ። ይኼን ግን እንዴት ይቅር እንደምልህ አላውቅም።»

«አትበይኝ» አልኳት።

«ዝም በል።»

ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም። የጣራው ቬንትሌተር ይዞራል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳውን አይታ ተኝታለች፣ ሌላው ጎን ባዶ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። «ምን ይገትርሃል? ተኛ» አለች ሳትዞር። አንሶላው ይበላሻል አልኳት። «ይበላሽ፤ ይታጠባል» አለች።

ተጋደምኩ። ከአምስት ወር በኋላ በራሴ አልጋ ላይ መሆኔ ነው። ቆይታ ዞረችና እጇን ሆዴ ላይ፣ ከጠባሳው በላይ አኖረችው። ሰው እንዲህ ሲነካኝ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለነበር አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ለቅሶም ቢሆን። ክብደቱን ብቻ አወቅኩ። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

«ምንም አይሰማኝም» አልኳት።

«እኔም» አለች። እጇን ግን አላነሳችም።