ብራዚል የነበረው ኮምፒውተር

አምቦ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሥራ ስጀምር፣ የኮምፒውተሩ አገር ብራዚል ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት። የብራዚል ሰዓት ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሲሆን ስክሪኑም ሦስት ይላል። ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝና ስህተት እያየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ኢትዮጵያ ብዬ አስተካከልኩት።

«ብራዚል ምን አደረገችሽ?» ብላ ሳቀችብኝ ባልደረባዬ።

ቀድመው የተመዘገቡት ቀጠሮዎች ሁሉ አብረው ስድስት ሰዓት ወደ ፊት መዝለላቸውን ግን አላስተዋልኩም። በማግስቱ ከጭልሞ በኩል የመጡ አንዲት እናት የቀጠሮ ወረቀት ፈለጉ። የሟች ባላቸውን ማሳ የባላቸው ወንድም ይዞባቸው ከሰውት ነበር። ወረቀቱን አትሜ ፈረምኩበትና፣ እንደ ልማዴ ቁጥሩን እንዳለ «ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ አነበብኩላቸው። ከሰዓት በኋላም ችሎት አለና አልጠረጠርኩም።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው በእጅ ከተጻፈው ዝርዝራቸው ላይ ጠዋት በሦስት ሰዓት አስጠሯቸው። ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘጋ።

እናትየዋ ስምንት ተኩል ላይ ደርሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«አዴ፣ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት ነበር» አልኳቸው፤ አዴ በኦሮምኛ የእናት አጠራር ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዘጠኝ ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ፊርማው የእኔ ነው።

መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከቻ ጽፌ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ፈረምኩበት። ተከፈተ፤ እስከዚያ ግን የባላቸው ወንድም ማሳውን አርሶ ዘርቶበት ነበር።